ያላስቆረጥኩት ዛፍ

ሙሄዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሞላን። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እዚህ ሰው አገር፣ ሮቢንስዴል፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ብሏል። ታክሲህን ወንድምህ ይዞታል፣ ልጃችን ሀያትም መንዳት ለምዳለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ግን ያላንተ ጭር ብሏል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ ከጓሮ ስላለው ደረቅ ዛፍ ነው። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅንበት! ጣሪያችን ላይ ይወድቃል፣ አስቆርጠው ስልህ፣ ግንደ ቆርቁሩስ ምን ይብላ ትለኝ ነበር። ወፉን መጀመሪያ ያየኸው ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ወንዝ ዳር፣ የታክሲ ተራ ስትጠብቅ ነው። እኛ ጓሮ ሲመጣማ ከሥራ ገብተህ ጫማህን ሳታወልቅ መስኮቱ ጋ ትገተራለህ። ቁራ የሚያህል ጥቁር ወፍ፣ ቀይ ጉትዬውን አቁሞ ግንዱን ሲፈለፍል ስታይ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፊትህ ይበራል። ለቅርጫ ስንሄድ ሰው ሁሉ በሽንጥና በሻኛ ሲሻማ፣ አንተ ማንም የማይፈልገውን ሞራ ለወፌ ዛፉ ላይ ልስቀልለት ብለህ ትለምናለህ። ጓደኞችህ ሲስቁብህ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ዛፍ ቆራጭ ጠራሁ። አትቆጣኝ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከአልጋዬ እየተነሳሁ ጣሪያውን ማየት ሆኗል ሥራዬ። ሰውዬው መጋዙን አስነስቶ ሊጀምር ሲል ወፉ መጥቶ ግንዱ ላይ ልጥፍ አለ። ሳላስበው በነጠላ ጫማዬ ሮጬ ወጣሁና አስቆምኩት። እንግሊዝኛዬ አልገባው ሲል ሀያትን አስተርጉሚልኝ አልኳት። ከዚያማ ማን ያስቁመኝ። ወፉ የሚበላቸው ጉንዳኖች የሚኖሩት እንጨቱ ልብ ውስጥ እንደሆነ፣ ወፉ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ፈልፍሎ በሚያጣብቅ ረጅም ምላሱ እየለቀመ እንደሚያወጣቸው፣ ጎጆውንም ትልቅ የደረቀ ግንድ ካላገኘ እንደማይሠራ፣ ሌላው ወፍ ብርዱን ሲሸሽ እሱ በረዶውን እዚሁ እንደሚችለው፣ ትቶት የሄደውን ጉድጓድ ደግሞ ጉጉትና ዳክዬ እንደሚወርሱት፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ሀያት መተርጎሙን ትታ አፏን ይዛ ታየኛለች። የአንተ ቃል ነዋ፤ አንድም የኔ የለበትም።

ኋላ ሀያት ስታስረዳው ሰውዬው ቅርንጫፎቹንና ጫፉን ብቻ ቆርጦ ሄደ። ግንዱ ቆሟል፤ ቢወድቅም ቤቱ ጋ አይደርስም።

ሙሄዬ፣ ስለ ወፉ ስታወራ ጀርባዬን ሰጥቼህ ድስት አማስል ነበር። ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው ትል ነበር። ሁሉንም እየሰማሁህ ነበር እኮ። እንዲያውም ያን ያህል ማወቅህ ይገርመኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩህም። የማልሰማህ መስሎህ መሞትህ ነው የሚያንገበግበኝ። አሁን ሀያት ማታ ማታ ስለ ወፉ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንተ ከአፌ አትጠፋም።

ሚስትህ