ከመኪናችን ጣሪያ ላይ አልጋ አውርዱ ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ከማራገቢያው ሥር፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ከደጋ ተዛውረው ከመጡ ወዲህ ፊትዎ ቲማቲም መስሎ ስላየነው በየሶላታችን ዱዓ ስናደርግልዎ ሰንብተናል። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር ደህና ነን።

እንደሚያውቁት እኔ ሳፊያ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሻይ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ከባልደረባዬ ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር ዕድሜያችንን ሙሉ ለአላፊው መንገደኛ ሻይ ስንቀዳ ኖረን፣ ዘንድሮ እኛም በተራችን አላፊ እንሁን ብለን፣ ሟቹ ባለቤቴ የተወልኝን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ወንበሮቹን አስወልቀን፣ ምድጃና ቁም ሣጥን አስገጥመን፣ የሚሄድ ቤት አደረግነው። ሐሳባችን በሞያሌ አድርገን ኬንያ መግባት፣ ሞምባሳ ድረስ ወርደን ባሕር የሚባለውን በዓይናችን ማየት ነው። መሪ የምይዘው እኔ ነኝ። እርስዎ ዘንድ የመጣነው የምርመራ ወረቀት ፈልገን፣ እግረ መንገዳችንንም ምክር ቢለግሱን ብለን ነበር። ስለ መስተንግዶዎ ሳላመሰግን ብሄድ ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ይህን ደብዳቤ መናኸሪያው በር ላይ ለጥፌልዎታለሁ።

1ኛ. መኪናችን ምድጃ ስላላት ቤት ናት፣ ቤት ወደሚመለከተው ክፍል ሂዱ ስላሉን እናመሰግናለን። እዚያም ሄደን ጎማ ያለው ቤት አናውቅም ተብለን ተመልሰናል። ይሁን እንጂ ምልልሱ በከንቱ አልቀረም፤ ወረፋ ላይ ከጎናችን የተቀመጠው ሾፌር ሱሌይማን፣ እርስዎ ያልነገሩንን ሁሉ ነገረን። ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ድንበር ላይ እንደሚጠየቅ፣ ሳይመሽ ቆሞ ማደር እንደሚገባ፣ ማደሪያም በር ያለው ግቢ ለምኖ መግባት እንደሚሻል። ይኸው እኔም ለሚያነብ ሁሉ በነጻ አካፍያለሁ።

2ኛ. ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ወንድ ጨምሩ ማለትዎም ለእኛ ከማሰብ ነው። ፈለግን እኮ! የፈለቀች ባለቤት ጋሽ መስፍን ጨዋ ሰው ነው፣ ግን መኪና አይስማማውም፣ ካራቆሬ ሳይደርስ ሁለት ፌስታል ይሞላል፤ እሱ ራሱ በአላህም በማርያምም ብሎ ተዉኝ አለን። ሩቅ አገር ለሚሄድ የምመክረው አንድ ምድጃ አብሮት የሚካፈለውን ሰው እንዲመርጥ ነው። እኔና ፈለቀች ድስታችን ለየብቻ ነው፤ የሷ ለጾሟ፣ የኔ ለሐላሌ፤ እስካሁን የተጣላነው ሽንኩርት አወፍራ እየከተፈች ስላስቸገረችኝ ብቻ ነው።

3ኛ. ዋናው የአልጋው ነገር ነው። ጣሪያው ላይ ያሰርነውን የጠፍር አልጋ ካላወረዳችሁ ወረቀት የለም ብለው ረጅም ደብዳቤ ጻፉልን። ክቡርነትዎ፣ የይፋት ሰው በበጋ ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቶ አይተኛም፤ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነፋስ ሲቀበል ነው ያደገው። መኪናዋ ስትሄድ አልጋው በገመድ የተጠፈረ ነው፣ እኛም ከታች ነን፤ ስትቆም ወጥተን እንተኛለን። ለዚህ ያን ያህል ደብዳቤ መጻፍዎ እጅዎን እንዳላመመው ተስፋ አደርጋለሁ።

አላወረድነውም። አልጋችንን እንደተሸከምን ጣርማበርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ሌላ መርማሪ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው አልጋውን አየ፣ ገመዱን ሳብ ሳብ አደረገ፣ ሳቀ፣ ከዚያም እርስዎ ያላደረጉትን አደረገ፤ መኪናዋ ሥር ገባ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ሊነካካ ነበር። ጋራዥ ልኮ አስቀየረንና ወረቀቱን ፈረመልን።

ስለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። እሺ ብለን አልጋውን አውርደን ቢሆን ኖሮ፣ በእርስዎ ማኅተም ተባርከን፣ ፍሬን በሌላት መኪና፣ ጣሪያችን ብቻ ጸድቶ ቁልቁለት እንወርድ ነበር። ስለከለከሉን ተርፈናል። ዛሬ ረፋድ ላይ ኢንሻአላህ እንነሳለን፤ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ድስት፣ ወንድ የለም፣ አልጋው ከላይ።

ለቢሮዎ ነፋስ፣ ለእርስዎም ትዕግሥት ይስጥልኝ እያልኩ፣ በቀኝ ነድታ በግራ ልትነዳ የተነሳች፣ ታዛዥዎ ያልሆነች አክባሪዎ፣

ሳፊያ አብዱልወሃብ

ግልባጭ፦
ለጋሽ መስፍን፣ ቤት ጠባቂ

ማስታወሻ፦ እርስዎ የአልጋውን ጥንካሬ ሊመረምሩ ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት መኪናዋ በቆመችበት ማንጎ ጥላ ሥር ሲያንኮራፉ፣ ባጃጆቹን ጥሩምባ እንዳትነፉ ብለን የለመንነው እኛ ነን። ትራሱ ሥር የተገኘው ባርኔጣዎ ጋሽ መስፍን ዘንድ ነው። ስንመለስ ሙቀቱ ከጠናብዎ አልጋው አይከለከልም፤ ሲወጡ ብቻ ጫማዎን ያውልቁ።