እመት ፈትለወርቅና የበቅሎዋ አውጫጭኝ

ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ከእስቴ እስከ ጋይንት፣ ሰው ሁሉ ያቃተውን ጥያቄ የሚፈቱ እመት ፈትለወርቅ ቀለመ ወርቅ ብቻ ነበሩ። ያን ጭንቅላት ከልጅ ልጆቻቸው መካከል የወረስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ አምስተኛ ክፍል የደረስኩትም እኔው ስለሆንኩ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ሌላ ሰው ይጻፈው ቢባል አይሆንለትም ነበር።

እመት ፈትለወርቅ ከአባታቸው ከደብተራ ቀለመ ወርቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዬ፣ ከወገዳ ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር በ1884 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ለተማሪዎቻቸው ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ ሴት ልጅ ከጉባኤ አትገባምና እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቹ የፋሲካን ቀን ሲያወጡ ቢሳሳቱ፣ ከግድግዳው ወዲያ «አበቅቴውን ረሳችሁት!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ደብተራ ቀለመ ወርቅ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ አሰቡ፤ ቀጥሎ «ግቢ» አሏቸው። ትምህርታቸው ይኸው ነው።

በ1900 ዓ.ም. ከአቶ ጓዴ ጋር በሥርዓት ተጋብተው አቶ ውቤንና ወይዘሮ ካሰችን ወለዱ። ወይዘሮ ካሰች የእኔ እናት ናቸው። አቶ ጓዴ በ1925 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እመት ፈትለወርቅ ርስቱን ይዘው፣ ግብሩን እየከፈሉ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ጥያቄ ሲፈቱ ቸኩለው አያውቁም። የማይካድ ነገር ሲያገኙ አንድ ጠጠር መሬት ላይ ያኖራሉ፤ ያ ሳይጸና ሁለተኛውን አያነሡም። አንድ ጊዜ እኔን፣ «እናት ስድስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ እያንዳንዱም አንድ እህት አለው፤ ልጆቿ ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ዐሥራ ሁለት!» አልኩ በኩራት። ተሳስተሻል አላሉኝም። «የበኩሩ እህት ማን ትባላለች?» አሉ። «ፋንታዬ» አልኩ አፌ ላይ እንደመጣልኝ። «የታናሹስ?» ፋንታዬ ራሷ ሆና ተገኘች። «አዪ የኔ ልጅ፣ ያችን ምስኪን ስድስት ጊዜ አስወለድሻት» ብለው ሳቁ።

ይህ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልሆነው በ1939 ዓ.ም. በኅዳር የሆነው ነው።

የአጥቢያው ጭቃ ሹም በቅሎ አርብ ሲነጋ ከጋጣዋ ጠፍታ አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው እስኪወጣ አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እመት ፈትለወርቅም ባለርስት ናቸውና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ወሩ የአጨዳ ነው፤ ጤፉ ቆሞ ይረግፋል፤ ደመናው ይጠቁራል። ሰው ከእውነቱ ይልቅ ቤቱ መግባት አማረው።

በመጨረሻ ወፍ ተናገረች። ወፍ ማለት ስሙ ሳይገለጽ ለሽማግሌዎች በስውር የሚጠቁም ሰው ነው። «አርብ ፀሐይ ስትወጣ ሸማኔው ጁሃር በቅሎዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሲጎትት ታይቷል» ተባለ። ጁሃር ያኔ ጎልማሳ ናቸው፤ በአጥቢያው ዘመድ የላቸውም፤ ቢምሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። ነገሩ ከጸናባቸው ተገርፈው፣ ያላቸውን ሁሉ ለበቅሎዋ ካሳ ሰጥተው፣ ከሚስታቸው ከአዚዛና ከሕፃን ልጃቸው ጋር አገር መልቀቃቸው ነው።

«ተገኘ! በሉ ማጭዳችንን እንያዝ!» ብሎ ሰው ሲነሣ፣ እመት ፈትለወርቅ «ቆዩ» አሉ።

«እመት፣ የእርስዎ ጤፍ አይረግፍም እንዴ?» አሏቸው ጭቃ ሹሙ።

«ይረግፋል። ተቀመጡ።»

ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ወደ ይርዳው ዞሩ። «አንተ፣ ይህን አዲስ ኩታ ከማን ገዛኸው?»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። «ከጁሃር።»

«የት? መቼ?»

«አርብ ገበያ ከተማ። በቅሎዋ የጠፋች አርብ።»

«ገበያው ሞልቶ ነበር?»

«ኧረ ጤዛውም አልረገፈ።»

አንድ ጠጠር አኖሩ። «ከዚህ ወደ አርብ ገበያ በማለዳ የተነሣ መቼ ይደርሳል?»

«ቢበረታ ከሰዓት በኋላ» አለ ሰው።

«በበቅሎስ?»

«በዚያ ገደል ማን ይጋልባል? ወርዶ መጎተት ነው።»

ሁለተኛውን አኖሩ። «እንግዲያ ፀሐይ ስትወጣ እዚህ በቅሎ የሚጎትት ሰው፣ ጤዛ ሳይረግፍ እዚያ ኩታ አይሸጥም። ወፏ ዋሽታለች።» ሦስተኛው።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ አጨብጭቤ እቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን «የተጠየቅነው በቅሎዋ የት ናት ነው» አሉ። ገመዷስ? ተበጥሶ ጋጣው ውስጥ ቀርቷል። ሌባ ገመድ ይፈታል እንጂ ለምን ይበጥሳል? ከየት ተገዛች? ዘንድሮ፣ ከእስቴ። እናቷ ባዝራዋስ? እዚያው ናት። «በሉ ወደ እናቷ ሰው ላኩ» አሉ፤ መልእክተኛው እስኪመለስም ለጁሃር ራሳቸው በርስታቸው ዋስ ሆኑ። በቅሎዋ እስቴ፣ ከባዝራዋ ጎን ስትግጥ ተገኘች።

እመት ፈትለወርቅ ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ጠጠሩን በእጃቸው እየዳበሱ ሲጠይቁንና ሲያስጠይቁን ኖሩ። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በቤታቸውም በንፋስ መውጫም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የዘጠኝ ልጆች አያት ነበሩ። እውነትን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ይህን ጽሑፍ ትናንት ለአያ ጁሃር አነበብኩላቸው፤ ዛሬም እዚህ ከለቀስተኛው ጋር ቆመዋል። «አያ ጁሃር፣ መቼም ከእሳቸው በቀር ያን ሒሳብ ማን ያወጣው ነበር!» ብላቸው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ምን ሒሳብ አለው? ከዚህ እስከ አርብ ገበያ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ሜዳው ሙሉ ያውቅ ነበር። አፉን የከፈተ ጠፋ እንጂ።»