የአበራ ሳርና የአርባው ድንኳን

ህዳር 5 ቀን 88፣ ጠዋት

ባልዲዬን ሞልቼ ወጣሁ፣ ሳሩን ላጠጣ። ምኑን ላጠጣው፣ ደብተሬ? ግቢው ቡራቡሬ ሆኗል። የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ ወዲህ እዚህም እዚያም ቡኒ እያለ ደረቀ። እድሩ በሦስተኛው ቀን ሊያነሳው ነበር፤ ያገር ቤት ዘመድ ገና እየመጣ ስለነበር ሰነበተ። ይሄን ሰርዶ አበራ ራሱ ነው የተከለው፣ ጡረታ በወጣበት ክረምት። ባሌን ቀበርኩ፣ ሳሩን ደግሞ ልቅበር?

ህዳር 6

ጎረቤቴ ዘነበች በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ አየችው። ምስጥ ነው እቴ፣ ናፍጣ አርከፍክፊበት አለችኝ። ናፍጣ! ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው አፈርኩ።

ከሰዓት። ተንበርክኬ እየጎተትኩ አየሁት። ምስጥ የለም። ደግሞ ሁሉም አንድ በሽታ አይደለም። ድንኳኑ ያረፈበት ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ጋ ግን ነጭና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ አጥቶ እንጂ አልሞተም። ድስት የተጣደበት ሥሩ ከስሏል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ዕቃ የታጠበበት ቅባት ተጋግሮበታል፤ ውሃው ሳይገባ ተንሸራቶ ያልፋል።

ህዳር 8

ወገቤ! ደረቁን ቧጥጬ አነሳሁ። የተቃጠለውንና ቅባታሙን አፈር በዶማ ቆፍሬ ጣልኩ፣ ከአጥሩ ሥር ጥሩ አፈር ሞላሁበት። ከጓሮ ሰርዶ ከነሥሩ ነቅዬ ጭብጥ ጭብጥ አድርጌ ተከልኩ። ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ ቀስ እያሉ።

ህዳር 17

ድንኳኑ የነበረበት አረንጓዴ ብቅ አለ! የድስቱ ቦታ ገና ነው። ከተከልኩት ጥቂቱ ጠወለገ፣ የቀረው ግን ሥር ይዟል መሰለኝ፤ ብጎትተው እምቢ አለኝ። እምቢታው ደስ አለኝ። ለአበራ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

ህዳር 18

የአበራ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ወንድሙ፣ ከፉሪ መጡ። አርባው ደርሷል፣ ድንኳኑን ለእድሩ ተናግሬያለሁ አሉ። እዚሁ ግቢ፣ እንደ በፊቱ። ክው አልኩ። እሳቸውም ሐዘናቸው ነው፤ ወንድማቸውን በወግ መሸኘት ነው የሚፈልጉት። ግን ገና ሥር በያዘው ላይ ድንኳን ቢተከል ሁለተኛ አያገግምም። ለሳር ብዬ? ሳስበው ራሴንም ያስቀኛል። ግን አበራ በእጁ ተክሎት ዛሬም በሕይወት ያለ ነገር ሌላ የለኝም።

ህዳር 20

ቤ/ክ ሄጄ የነፍስ አባቴን አማከርኩ። ዋናው ጸሎቱ ነው፣ ዝክሩን ደጀ ሰላም አድርጊው፣ ደሃውም እዚያው ይበላል አሉኝ። ቀለለኝ። ለጋሽ ወንድሙ መንገሩ ነው የከበደኝ።

ህዳር 21፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጋሽ ወንድሙ ሲመጡ እዚሁ ግቢ ነገርኳቸው። ድንኳን አይተከልም፣ ዝክሩ ደጀ ሰላም ይሆናል፣ ለእድሩም ራሴ ተናግሬያለሁ አልኩ።

ተቆጡ። "ለሳር ብላ ባሏን በሰው ደጅ ዘከረች ትባያለሽ!"

"ልባላ፣ ጋሼ! ደግሞ የእግዚአብሔር ደጅ ነው እንጂ የሰው አይደለም።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው አዲሱን ሰርዶ አዩት። አበራ የተከለው ነው ወይ አሉ። እሱ ጓሮ ከተከለው ነቅዬ እኔ ተከልኩት አልኩ። የዝክሩን ዳቦ እኔ አመጣለሁ ብለው ተነሱ። በሩ ፊት ለፊታቸው ነበር፣ በሳሩ መሐል ጥቂት እርምጃ። እሳቸው ግን በአጥሩ ጥግ ዞረው ወጡ።