ስለ አሥራ አንዱ ችካሎቼ

ለተከበሩ የከተማችን የፍሳሽና የውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጠብቁልኝ ብዬ ችካል የተከልሁበትን ረግረግ በዚያው በችካሌ ልክ አስቆፍረው አደረቁት። ይህን ካስቀደምሁ በኋላ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ እግርዎን ጭቃ ሳይነካው ረጅም ዕድሜ በጤና እንዲኖሩ እመኛለሁ።

እኔ ሥራ ያቆምሁ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ስለ ነፍሳት ያስተማረኝ የለም፤ ጥቃቅን ነገር ማየት ግን እንጀራዬ ነበርና፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው ረግረግ የምትኖረውን ትንሽ ጢንዚዛ በዚያው በሥራ መነጽሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመልክቻታለሁ። ከሩዝ ፍሬ ብዙ አትበልጥም፤ ጀርባዋ እንደ ተወለወለ ነሐስ ያብረቀርቃል። አትበርም። ጭቃው ከደረቀ መሄጃ የላትም፤ ከበሰበሰው ግንድ ሥር እዚያው ትቀራለች።

አንደኛ፤ ስምንት ወር ደጅ ካስጠኑኝ በኋላ፣ መኖሪያዋን ባመለክት እንደሚያስከልሉት በደብዳቤ ስለ ገለጹልኝ አመሰግናለሁ። በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ችካል ጠርቤ፣ ጫፋቸውን ቀይ ቀብቼ፣ በየግንዱ አጠገብ በገዛ እጄ ተከልሁ።

ሁለተኛ፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ቀይ ችካል «እዚህ ቆፍር» ማለት መሆኑን የሚነግረኝ አንድ ሰው በመጥፋቱ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ቆፋሪዎቹ ቦዩን ከችካል ወደ ችካል ስንዝር ሳያዛንፉ ቀደዱት። እያለከለክሁ ስደርስ አለቃቸው፣ «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ምልክት አግኝተን አናውቅም» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ በደረቀው መሬት ላይ የጢንዚዛዋን ሥዕል የያዘ ሰሌዳ ሊያስመርቁ፣ እኔም ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛል። ሥዕሉን አየሁት፤ ክንፏን ዘርግታ ትበራለች። ክንፍ ስለ ሰጧት እግዜር ይስጥልኝ፤ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ቢሆን ኖሮ ትጠቀምበት ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልጥልም። ችካሉን የተከለው ይህ እጅ ነው፤ ምስጢሯን ባላወጣባት ኖሮ ዛሬም እዚያው ትኖር ነበር።

ቦዩ በፈሰሰ ቁጥር ስምዎ እንዲነሣ እየተመኘሁ፣
ያለ ደመወዝ ምልክት የተከለልዎ አክባሪዎ፣
ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት በስቲያ በሌላ እርጥብ ቦታ ሦስት ጢንዚዛ አገኘሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ፤ ችካል አልተከልሁም። የት እንደሆነ ባለቤቴ ጠይቃኝ አልነገርኋትም፤ እርስዎም አይድከሙ። ስለ ጢንዚዛዋ ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም።