ስለ ቦሎቄው ጉዳይ የቀረበ ይቅርታ

ለክቡር ፋሙሳ ጃራ፣ የጃላቡጉ ወረዳ አስተዳዳሪ

ግልባጭ፦ በገበያው ግድግዳ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያንብብለት።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ማራገቢያስ ተሻለው? የማራገቢያውን ጤና መጠየቄ ባለፈው ሰሞን ደጅዎ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ ሲያቃስት ስለሰማሁት ነው። እርስዎ ግን እንደሌሉ ተነገረኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚደክም ማራገቢያ አሳዘነኝና ምሕረቱን ያውርድለት ብዬ ተመለስኩ።

እኔ ጋሪ ሠሪው ዛን ትራኦሬ ነኝ። በጽሑፍና በአደባባይ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ሥራዬ እንዲታገድ ስላዘዙ ይኸው ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስል አይዘኑብኝ፤ እኔ ቀጥ ያለ ነገር የምሠራው በብረት ነው። ይቅርታውን ከመጠየቄ በፊት ግን፣ ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብምና፣ ጥቂት ምስጋናዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዛፍ ስላሸጉልኝ አመሰግናለሁ። የኔ መሥሪያ ቤት በርም ግድግዳም የለውም፤ የገበያው ዳር ያለችው የጃላ ዛፍ ጥላ ናት። የላኳቸው ሁለት ወታደሮች የሚያሽጉት በር ፈልገው አጡና ዛፏን ዞረው ዞረው ገመድ ጠመጠሙባት፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሙጫ ግንዷ ላይ ለጠፉ። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘች ዛፍ በአገሩ የለችም። ወረቀቱን በማግሥቱ የጎረቤቴ ፍየል ግማሹን በልታዋለች። ማኅተም ሰብረሃል ተብዬ ተጨማሪ ክስ ስለመጣብኝ፣ ፍየሏ ትራኦሬ አለመሆኗን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ። ከዋናው ከተማ ያመጧቸውን እንግዶች እኔ ዘንድ ይዘው ሲመጡ፣ «ከገጠር ሆኖ የተሳካለት ነጋዴ ይኸው፤ ይህ ሰው ከተማ ቢገባ የት በደረሰ!» ብለዋቸዋል። ስለ ሙገሳው እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከተማ ገብቼ ለማን ነው ጋሪ የምሠራው? ለፎቁ? ሰው ከሩቅ ወረዳ አልፎ ተርፎ ከወንዙ ማዶ ድረስ በዚያ ሁሉ አቧራ የሚመጣው ጃላቡጉ ቆንጆ ስለሆነች እንዳይመስልዎ። የሚመጣው እዚህ የሚሠራ ጋሪ የሚፈተንበት መንገድ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ይህን ደግሞ ትምህርትዎ ብዙ ስለሆነ ወደዚያ ዝቅ ብሎ አልደረሰ ይሆናልና ልንገርዎ።

ጃራና ትራኦሬ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ጃራ ትራኦሬን ያገኘ እንደሆነ «አሽከሬ» ይለዋል፤ ትራኦሬም «አሽከሩስ አንተ፣ ቦሎቄ በላ!» ይለዋል። ቦሎቄ መብላት ነውር ሆኖ አይደለም፣ ሁላችንም እንበላለን። በዚህ የሚቆጣ የለም። የተቆጣ ሰው ቢኖር ታሟል ተብሎ ውሃ ይቀርብለታል።

የኔ ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አዲስ ጋሪ ከመሸጤ በፊት አንድ ጃራ ይጠራል። ድንጋይ ይጭንበታል፣ ራሱም ላዩ ላይ ወጥቶ ይዘላል፣ ሲዘል አባቴንና አያቴን እያነሣ ይሰድበኛል። አንዲት ብየዳ ብትላቀቅ ግን ጉድ ፈላ! በየገበያው፣ በየሠርጉ፣ «የትራኦሬ ጋሪ ነፋስ ይሰብረዋል» እየተባለ እስክሞት ይሳቅብኛል። ስለዚህ ብየዳዬ አይላቀቅም። መንግሥት የሾመው ተቆጣጣሪ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል፤ ጃራ አያልፍም። ከከተማ መጥቶ «ስድቡን ተወውና ጋሪውን ስጠኝ» ያለኝ ነጋዴ አንድ ጊዜ ነበር፤ ያልተሰደበ ጋሪ የለኝም ብዬ መለስኩት። ወሩ ሳያልቅ ተመልሶ መጣ፤ ጃራ ጓደኛውንም ይዞ ነበር።

ሦስተኛው ስለዚያች የጉብኝት ቀን ነው። መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀና ስል እርስዎን አየሁ፣ ደስ አለኝ። «ውይ፣ አሽከሬ መጣ! ዛሬ ማን ቦሎቄ አብልቶ ለቀቀህ? ሆድህ እኮ ከበሮ መስሏል!» አልኩ። እንግዶቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዲት ባለ መነጽር ሴት ፈጠን ብላ፣ «አንተ የቦሎቄ ድስት! እኔም ጃራ ነኝ። ይህን ጋሪ ከአህያው ይልቅ አንተ ብትጎትተው ያምርብሃል!» አለችኝ። ጎንበስ አልኩና እጇን ሳምኩ፤ ዘመድ እንዲህ ነው የሚመልሰው። እርስዎ ግን ፊትዎ ጠቆረ። «ሽማግሌ፣ አፍህን ያዝ! ማን ፊት እንደቆምክ ታውቃለህ?» አሉኝ። አሳምሬ ነበር የማውቀው። የናማካን ጃራ ልጅ ፊት ነበር የቆምኩት።

አራተኛውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ይለፈኝ።

አምስተኛ፤ ሚስቴ ኒያሌ የሞተች ቀን አባትዎ የት እንደነበሩ ነግረውዎት ያውቃሉ? አስከሬኗን ወደ መቃብር የምትወስደው በገዛ እጄ የሠራኋት ጋሪ ነበረች። እኔ ቆሜ ነበር፤ ግን ያለሁ አልነበርኩም፣ እህልም እንባም እምቢ ብሎኝ ነበር። ልንነሣ ስንል አባትዎ ናማካን ከሰፈራቸው በእግራቸው መጥተው ጋሪዋ ላይ ቁጭ አሉ። «አትንቀሳቀስም!» አሉ። «ይህች የኛ ሚስት ነበረች፤ ይህ ሌባ ትራኦሬ ሰርቆን ነው። ቀለቧን ሁሉ ቦሎቄ አደረገባት፤ ቦሎቄ ካልከፈለን አትቀበርም!» እኔ ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው። እንባዬ ባይመጣ ኖሮ እሷን ተከትዬ እሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ። አባትዎ ወርደው ጋሪዋን አብረውኝ ገፉ። እርስዎ ወንጀል ያሉት ስድብ ይህ ነው፤ እኔን በሕይወት ያቆየኝ።

አሁን ወደ ዛፏ ልመለስ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት ተነሥቼ ገመዱን እዞራለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ ተነሥቼ ደግሞ እዞራለሁ። እጄ ሥራ ሲያጣ ያሳክከኛል። ጋሪዎቹ ጎማቸው ሳይገባ ገመዱ ውስጥ ቆመው ያዩኛል። ደመናው ከደቡብ እየጠቆረ ነው። ገበሬ ፍጉን ወደ ማሳው የሚያጓጉዘው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ከዘነበ በኋላ ጋሪ ጭቃ ውስጥ የተተከለ አጥር ነው። ዘንድሮ ጋሪ ያላገኘ ገበሬ ለከርሞ ወደ እኔ አይመለስም። ሠራተኞቼም ወደ ወርቅ ጉድጓዱ እንሂድ ማለት ጀምረዋል፤ ከሄዱ አይመጡም። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን አንድ ዝናብ ይወስደዋል ማለት ነው። ይህንንም ከምስጋናዎቼ ጋር ይቁጠሩልኝ።

ይኸው ይቅርታዬ። ልብ ብለው ከሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ብዬዎታለሁ፣ «ክቡር» ብዬዎታለሁ፤ አንድም ቦታ አልሰደብኩዎትም። በኛ ዘንድ እንዲህ በጨዋነት የሚናገሩት ከባዕድ ጋር ነው፣ ከቀረጥ ሰብሳቢና ከማያውቁት መንገደኛ ጋር። የጠየቁትን አክብሮት ሳላጎድል ሰጥቼዎታለሁ፤ ርቀቱን እርስዎ ይለኩት። ስለዚህ በሕዝብ ፊት፣ ክቡር ፋሙሳ ጃራ፣ ዘመዴ መስለውኝ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከገመዱ ውጭ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን በእጄ፣ ዓይኔን በደመናው ላይ አድርጌ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማራገቢያዎ ፈውስ እየተመኘሁ የምሰናበትዎ፣

ዛን ትራኦሬ
የታሸገችው ዛፍ ጋሪ ሠሪ

የረሳሁት፦ ይህን አጥፌ ልነሣ ስል አባትህ ናማካን ያዘዙትን ጋሪ ሊወስዱ መጡ። ገመዱ ውስጥ ሆኖ አገኙት። ምን ሆነ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። «ስድብ የከለከለው የኔ ልጅ ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። አሁን የመጡባትን አሮጌ ጋሪ የቢሮህ በር ላይ አጋድመው፣ አህያዋን ፈትተው ለቀው፣ ላይዋ ላይ ቁጭ ብለዋል። እኔ አልላክኋቸውም፤ መስኮትህን ከፍተህ ጠይቃቸው። ገመዱን በገዛ እጅህ ፈትተህ እስክታመጣ አይነሡም። ድስት ይዘዋል፣ ድርሻህንም አስቀምጠውልሃል። ቶሎ ውጣ አሽከሬ፣ ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ።