የካምቢዮው ሙቀትና የአባትሽ ግራ እግር

ሐሙስ፣ ጥቅምት ሰባት፤ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ለምወድሽ ልጄ፣

የሳሎናችን ማራገቢያ በደረሰበት ድንገተኛ የሙቀት አደጋ ከመካከላችን መለየቱን የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ለሁሉም እኩል ሲነፍስ የኖረ ቅን ፍጡር ነበር። ያለፈውም ሥራ ላይ እያለ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባትሽ ጋዜጣ ይዞ ከበሩ ጀርባ ስለሚቆም ነው። ጋዜጣው ደግሞ ያው የባለፈው ወር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዋ ነው። አሮጌውን ፒካፕ ሳታማክሪው ሸጠሽ ፍሪሲዮን የሌላትን ይህቺን አውቶማቲክ የገዛሽለት ለጉልበቱ አዝነሽ እንደሆነ እኔም ሐኪሙም እናውቃለን። እሱ ግን «እግሬን ቆርጣ ሸጠችው፤ ከእንግዲህ ይህ እግር ደጇን አይረግጥም» ብሎ ማለ። መኪናዋም ሸራ ለብሳ ከረመች። ልጅሽ ተወለደ፤ እኔ በአውቶቡስ መጣሁ፣ እሱ ቀረ። ስመለስ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣

«አንድ ጓደኛዬ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው፤ የልጁ ጆሮ በማን ወጣ?» አለኝ።

«በአንተ» አልኩት።

በማግስቱ ሸራው ተነሣ።

«መሞከሬ ነው» አለ። ሰው መኪና የሚሞክረው ሜዳ ላይ ነው። የእኛም ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው። እሱ የሚሞክረው ግን ወደ እናንተ ከተማ የሚወጣውን ያንን ረጅም ዳገት ብቻ ሆነ። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ የሥራ ድርሻዬ «ቀስ» ማለት ነው። አጋማሹ ላይ፣ የድንጋይ ካባው ጋ ስንደርስ፣ አንዲት ቀይ መብራት ቦግ ትላለች። የካምቢዮው ዘይት ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው። የተቃጠለ ሽታ ይከተላል። አባትሽ ዳር ይይዛል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ «ልጅሽ የገዛችውን አየሽ» ይላል። ወደ ቤት እንመለሳለን።

ማራገቢያው የተሠዋው ያን ሰሞን ነው። አባትሽ ትኩሷን መኪና ግቢ አቁሞ፣ በሳሎኑ መስኮት ገመድ አሳልፎ፣ ማራገቢያውን ሞተሩ ላይ አስደገፈና ሊታጠብ ገባ። ሲወጣ ምስኪኑ ፊቱ እንደ ሻማ ቀልጦ አንገቱን ደፍቷል።

«ድሮም ደካማ ነበር» አለ። ሟች አይታማም ብዬ ገሠጽኩት።

ቀጥሎ ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ከሚለው መካኒክ ዘንድ ቀረብን። ቅጽል ስሙ የወጣለት በአጭሩ መናገር ስለማይችል ነው። ከትምህርቱ የተረፈኝ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚኖረው በዘይቱ ነው። ዘይቱ ከፊት ባለችው ትንሿ ማቀዝቀዣ ዞሮ፣ ንፋስ ተቀብሎ ይመለሳል። እሷ ከታፈነች አለቀ።» ከማቀዝቀዣዋ ላይ የደረቀ ቅጠልና የትንኝ ሬሳ በብሩሽ ጠረገ። ቡናማ ሆኖ የነበረውን ዘይት በአዲስ ቀየረ። ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አሰረ። «አሁን ፍሪጅ ማለት ነች» አለና መረቀን።

ወጣን። ካባው ጋ መብራቷ በራች።

አባትሽ ድንጋዩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «ይህቺ መኪና እዚያ መድረስ አትፈልግም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ድምፁ ወረደብኝ፤ ያዘጋጀሁትን ቀልድ ዋጥኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የአውቶቡስ ሹፌር ያን ዕለት ከኋላችን ነበር። አጠገባችን ቆመና በመስኮት ብቅ አለ።

«እትዬ፣ የጋሼ የፍሬን መብራት ከታች ጀምሮ አንዴም አልጠፋም እኮ። ሽቅብ እየወጣ ፍሬን የሚይዝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«ዓይኑን ይታከም» አለ አባትሽ። እኔ ግን ስንነሣ ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ።

ልጄ፣ ግራ እግሩ ነው። ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር ድንገት ጡረታ ውጣ ቢባል እሺ አላለም። ፍሪሲዮኑን ፈልጎ ቢያጣው፣ ፍሬኑ ላይ ጋደም ብሏል። ቀኙ «ሂድ» ይላል፣ ግራው «ቁም» ይላል፣ መካከል የገባው ካምቢዮ ይቃጠላል። የካምቢዮው ሥቃይ ከሁሉ በፊት ለእኔ ገባኝ፤ በአንቺና በአባትሽ መካከል ይህን ሁሉ ጊዜ ስኖር ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ያሰረልኝ የለም።

«ግራ እግርህን አንሣ» አልኩት።

«ከምን ላይ?»

«ከፍሬኑ።»

«አልረገጥኩም።»

«እስቲ ጫማውን አውልቀው።»

አወለቀ። ባዶ እግር የነካውን ያውቃል። «እንዴ» አለና እግሩን ወደ መቀመጫው ሳበው።

ትናንት የግራ ጫማውን ጭኔ ላይ ይዤ ወጣን። ካባውን አለፍነው፤ መብራቷ ድርግም እንዳለች ነው። ዳገቱ አናት ላይ የቤትሽ ጣሪያና ገመድ ላይ የተሰጡት የሕፃን ልብሶች ታዩን። አባትሽ አቆመ። መሪውን ይዞ ቆየ።

«የሚሞቅ ነገር አለ፤ እንመለስ» አለ።

መብራቷን አየሁ፤ አልበራችም። ፊቱን አየሁ። ተመለስን።

ስለዚህ ቁርጡን ዕወቂው፤ አባትሽ አይመጣም። ምሏል። መንገድ መንገድ እያየሽ እንዳትጎጂ። መኪናዋ እኔን ገበያ ታመላልሰኛለች።

መንገድሽ ሁሉ ቁልቁለት ይሁንልሽ ልል ነበር፤ ቁልቁለትም ለካ ፍሬን ይጨርሳል። ሜዳ ያድርግልሽ። የልጅሽን ጆሮ ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም።

እናትሽ፣
የመኪናዋ ቋሚ ተሳፋሪ

ማረሚያ፦ ታሽጎ የነበረው ይህ ደብዳቤ እንደገና የተከፈተው ለእርማት ነው። ከላይ «አባትሽ አይመጣም» የተባለው «ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል» ተብሎ ይነበብ። ባለ ጉዳዩ ዛሬ ከሰዓት ጢሙን እየተላጨ በሰጠው ማብራሪያ እንደገለጸው፣ ተቆርጦ ተሸጠ የተባለው ፍሪሲዮን ረጋጩ እግር ስለሆነ የማለውም ግራው ብቻ ነው፤ ቀኙ ከደሙ ንጹሕ ነው። በዚህም መሠረት ደጅሽን የሚሻገረው በአንድ እግሩ ስለሆነ፣ የሚደገፈው ሰው ያስፈልገዋልና በሩ ላይ ቆመሽ ጠብቂው።