አርባ ሰባቱ የደርዊን ስብሰባዎች

ውድ ደርዊን፣

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ የስብሰባ ክፍል ለአራት ወራት ከቆየበት ምርኮ ባለፈው ረቡዕ ነጻ መውጣቱን ሳበስርህ ከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት እየተሰማኝ ነው። የማረከው አንተ ነበርክ። ነጻ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሐውልት ግን አልጠየቅሁም። ደክሞኛል።

ይህን በወረቀት ጽፌ በፖስታ የምልክልህ ለወግ ብዬ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልህን የዘጋሁት ራሴ ነኝ፤ ስልክህን ደግሞ አታነሳም። ስድስት ጊዜ ደውያለሁ። በገዛ የግል ስልክህ ላይ ዛሬም የመሥሪያ ቤታችንን ስም አስቀድመህ "ሰብል መድን፣ ደርዊን ነኝ፣ መልእክት ይተዉልኝ" ትላለህ። አንተም እንደ ስብሰባዎችህ መሰረዝህን አልሰማህም ልበል?

መባረርህን እኔም እንደማንኛውም ሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው የሰማሁት። ሃያ ሁለት ዓመትህን በአንድ ካርቶን ታቅፈህ፣ ከጥበቃው ጋር ወደ መኪና ማቆሚያው ስትወርድ አየሁህ። ቀና ብለህ ወደ መስኮቴ ተመለከትክ። እኔ የፕሪንተሩን ወረቀት እያስተካከልኩ ነበር።

አንተ ሄድክ፤ ስብሰባዎችህ ግን ንቅንቅ አላሉም። አርባ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም በየሳምንቱ የሚደጋገሙ፣ ማብቂያ ቀን የሌላቸው። እዚህ ሬጃይና ከተማ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ክረምቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። "የሰኞ መቀራረቢያ" አለ። "የማክሰኞ ማስተካከያ" አለ። "ለማስተካከያው መዘጋጃ" የሚባልም አለ። ስድስት ሰዎች አንተ ከሄድክም በኋላ በየማክሰኞው ትልቁ ክፍል እየገቡ፣ ሃያ ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው ይወጡ ነበር። "ምን እየሠራችሁ ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አዘጋጁን እየጠበቅን ነዋ!"

አዲሷ አለቃችን ታሊያ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ኮርት፣ እኔ በገዛ መሥሪያ ቤቴ ሰው የማነጋግረው መኪና ውስጥ ነው። ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው ክፍል የሚይዝብኝ?"

"ካሌንደሩ እንደሚለው ለዘላለም።"

"አሜን። በል አሁን ሰርዝልኝ።"

መጀመሪያ በእጄ ጀመርኩ። ካሌንደሩ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ "ይሄን ብቻ? ይሄንና ተከታዮቹን? ወይስ ሁሉንም?" እያለ ይመረምረኛል። አንዱንም ሳልጨርስ ታከተኝና በኤፒአይ በኩል ላድርገው አልኩ። ለታሊያ ምንነቱን ሳስረዳት "ፕሮግራምና ፕሮግራም ሰው ሳይገባባቸው የሚነጋገሩበት በር ነው" አልኳት። "ታድለው!" አለች።

አንተ ታውቀዋለህ፤ የስብሰባውን መለያ ቁጥር ሰጥተህ "ሰርዝ" ትለዋለህ። ሲሳካለት የሚመልስልህ ባዶ ነው፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የአራት ወር ዝምታህን በዚሁ ሕግ ልተረጉመው ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

በሙያችን ወግ መሠረት አዲስ ፕሮግራም አልጻፍኩም። አንተ ከዓመታት በፊት የጻፍካትን መሰረዣ ከድሮ ፋይል ቀድቼ ለጠፍኩ። አሥራ አንድ መስመር ናት፤ አላነበብኳትም። አንብቤያት ቢሆን ኖሮ አራተኛው መስመር ላይ "ለተጋባዦች ይነገር፦ ለሁሉም" የሚል ትእዛዝ አገኝ ነበር። ከጎኑም ለሚመጣው ትውልድ የተውካትን ማስታወሻ፦ "ሰው ሳይነገረው አይሰረዝም።"

ረቡዕ ከምሳ በኋላ አስነሳኋት። በዘጠኝ ሰከንድ አርባ ስድስቱ አለቁ። በአሥረኛው ሰከንድ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው "ደርዊን ስብሰባውን ሰርዟል" የሚል መልእክት ደረሰው።

ዶሪን ከካሳ ክፍል እየሮጠች መጣች። ዶሪን ስትሮጥ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም ነበር።

"ተመለሰ እንዴ? የታለ?"

"አልተመለሰም። እኔ ነኝ፣ በስሙ።"

"አንተ ጉድ! ልቤ ልትወጣ ነበር እኮ!" ወንበሬ ላይ ዘፍ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ "እኔስ ምን ነካኝ?" አለች። "ደርዊን ቢመለስ ይጨምር ነበር እንጂ መቼ ይሰርዛል?"

ለአንተ የሚጻፈው ሁሉ ወደ እኔ ስለሚመጣ መልሶቹን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። አብዛኞቹ ምስጋና ናቸው። "እግዚአብሔር ይስጥህ ደርዊን፤ ማክሰኞዬን መለስክልኝ" ይላል አንዱ። ሌላው ለሦስት ዓመት የገባው የማይመለከተው ስብሰባ ውስጥ እንደነበር ጠቅሶ፣ ቢሆንም ብዙ ተምሬበታለሁ ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎትህ እንደዚያ ከሰዓት ተወደህ አታውቅም። ዶሪን ወደ እኔ ከመሮጧ በፊት የጻፈችልህ ግን አንድ መስመር ነው፦ "ሳትሰናበተን ሄደህ፣ በአራት ወርህ የጻፍክልን ስብሰባ ለመሰረዝ ነው?" እሷን መልእክት እስካሁን አልዘጋኋትም።

አርባ ስድስት ያልኩት ቆጠራ ተሳስቼ አይደለም። አንዱን ቁጥር ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። ዓርብ እኩለ ቀን፤ ተጋባዦች፦ አንተና እኔ፤ ቦታ፦ የዩክሬኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፤ ርዕስ፦ ፔሮጊ፣ ያ ድንች የተሞላ የሊጥ ምግባቸው። ታሊያ ቆጥራ ደረሰችበት።

"አርባ ሰባት አላልከኝም? አንድ ቀርቷል።"

"እሱ ክፍል አልያዘም።"

"ታዲያ ምንድነው የያዘው?"

"አሥራ ሁለት ዓመት። ሽንኩርት የበዛበት።"

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ኮርት፣ በወሩ መጨረሻ የሰውዬው የኮምፒውተር መለያ ከነሥሩ ይጠፋል። ያን ጊዜ እሱም አብሮ መሄዱ አይቀርም" አለችኝ። ክፋት የላትም። ምግብ ትወዳለች፤ ብታውቃት ስብሰባ ትጠራት ነበር።

እና የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ዓርብን በእኔ ስም አዲስ ልከፍተው እችላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ከሁለት ተጋባዥ አንዱ "እመጣለሁ" ካላለ ስብሰባ አይባልም፤ ብቻውን የሚበላ ሰውዬ ነው። አሁንም በየዓርቡ እሄዳለሁ። አሳላፊዎቹ ሴቶች ሁለት ሳህን ያስቀምጡና "ያ ረጅሙ የት ገባ?" ይሉኛል። "ስብሰባ አለበት" እላለሁ። ያምኑኛል፤ ያውቁሃላ።

ልሰርዘው ወይስ ልክፈተው? በፈለግከው መንገድ ንገረኝ። ስድብም ቢሆን መልስ ነው።

ያንተው፣
ኮርት ፍሪሰን

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ "እኔም እንደማንኛውም ሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው የሰማሁት" የሚለው፣ "ከአሥር ቀን በፊት አውቅ ነበር፤ መለያህ የሚዘጋበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ የተሰጠው ለእኔ ነው" ተብሎ ይነበብ። በመሃሉ ሁለት ዓርብ ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ፣ በመኪና የሚጎተት የካምፕ ቤት ልግዛ ወይስ ይቅር ብለህ ስታማክረኝ፣ "ሰማያዊውን ውሰድ" ያልኩህ እያወቅሁ ነው። ለተፈጠረው ስህተት ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቃል።